«ጨጓራ አለብኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ፒያሳ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ አራትና አምስት ሆነው ከተቀመጡ ሰዎች መካከል ምግብ ሲታዘዝ «እኔ ይቅርብኝ፣ ጨጓራ አለብኝ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። አባባሉ ቃል በቃል ከተወሰደ ማንም ሊክደው የማይችል እውነት ነው፤ ጨጓራ የሌለው ሰው የለምና። ነገር ግን በከተማችን ቋንቋ የአካል ክፍሉ ስም የበሽታው ስም ሆኗል። ከደረት ሥር የሚያቃጥለው፣ ሆዱ የሚነፋው፣ ሲርበው የሚቆርጠው፣ ከበላ በኋላ የሚያቅለሸልሸው፣ ሁሉም «ጨጓራ» በሚል አንድ መዝገብ ይከሰሳል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለም። ሆኖም በሕግ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ፣ የተለያዩ ሰዎች የፈጸሙትን የተለያየ ድርጊት በአንድ ክስ ጠቅልሎ ማቅረብ ፍርድን እንደሚያዛባ ነው። ሆዳችን ላይም የሚደርሰው ይኸው ነው። «ጨጓራ» ከምንላቸው ሕመሞች አንዱ ራትን ቀደም አድርጎ በመብላት ይሻላል፤ ሌላው የሁለት ሳምንት አንቲባዮቲክ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው በኪሳችን ይዘን የምንዞረውን ክኒን በማቆም ይድናል፤ አራተኛው ጭራሽ ጨጓራ ሳይሆን ልብ ነው። ስለዚህ ተከሳሾቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ቃር ምንድን ነው?

ጨጓራ ምግብ የሚፈጭበትንና ጀርም የሚገድልበትን ብርቱ አሲድ ያመነጫል። የራሱን ግድግዳ ከዚህ አሲድ የሚጠብቅ ዝልግልግ ልባስም አለው። ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወርደው የምግብ ቧንቧ ግን ይህ ዓይነቱ ልባስ የለውም። በሁለቱ መካከል እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ክብ ጡንቻ አለ። ጡንቻው ሲላላ ወይም ያለ ጊዜው ሲከፈት አሲዱ ወደ ላይ ይመለስና የምግብ ቧንቧውን ያቃጥላል። ከደረት አጥንት ኋላ ተነሥቶ ወደ ጉሮሮ የሚወጣው፣ አፍን የሚያኮመጥጠው ማቃጠል ቃር የሚባለው ይህ ነው።

እንግዲህ ቃር በአብዛኛው የአሲድ መብዛት ሳይሆን የአሲድ ቦታውን መልቀቅ ነው። በሩን ከሚያላሉት ወይም ከታች ከሚገፉት ነገሮች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦ ሆድን ከመጠን በላይ መሙላት፣ ቅባት የበዛበት ምግብ፣ አልኮል፣ ሲጋራ፣ የሆድ ውፍረት፣ እርግዝና፣ እንዲሁም በልቶ ወዲያው መተኛት። ጠበቅ ያለ ቀበቶና መቀነትም ሆድን በመጫን የራሳቸውን ድርሻ ያበረክታሉ። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደግሞ የጨጓራው የላይኛው ክፍል በሆድና በደረት መካከል ባለው የመተንፈሻ ጡንቻ ቀዳዳ በኩል ወደ ላይ ሾልኮ በሩ እንዳይገጥም ያደርጋል።

የአራዳ ሰው የቀን ውሎ

አሁን ይህንን በከተማችን ሰው የዕለት ኑሮ ላይ እናስቀምጠው። ፒያሳ ስሟን ከጣሊያንኛ የወሰደችው፣ ማኪያቶን ከመላው ከተማ ጋር ያስተዋወቀችው ሰፈር ናት። በ1953 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ቶሞካ ቡናን ቆሞ የመጠጣት ልማድ ከሚታወስባቸው ቤቶች አንዱ ነው። ቡናው ራሱ ነውር የለበትም። ቁርስ ሳይበላ ከቤት የወጣ ሠራተኛ ግን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ በባዶ ሆዱ ሁለተኛውን ማኪያቶ ይደግማል። ምሳ ሰዓት ላይ ይቸኩላል። ከሥራ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ሁለት ሦስት ቢራ ይጠጣል። ማታ 3 ሰዓት ላይ የቀኑን ዋና ምግብ ይበላል፤ ቅቤው የበዛ ክትፎ ወይም ጥብስ ሊሆን ይችላል። 4 ሰዓት ላይ ይተኛል። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ደረቱ እየተቃጠለ ሲነቃ «ዛሬ ወጡ በርበሬ በዝቶበት ነው» ይላል።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ትውልድ የበላባቸውና የጠጣባቸው ብዙ ቤቶች አብረው ሄደዋል። የአበላል ልማዳችን ግን ከሕንጻዎቹ ጋር አልፈረሰም፤ ነዋሪው ወደ ሄደበት ሰፈር ሁሉ ተከትሎት ሄዷል።

ለዚህ ዓይነቱ ቃር ከሁሉ በፊት የሚታዘዘው መድኃኒት በገንዘብ የሚገዛ አይደለም። በራትና በመኝታ መካከል 3 ሰዓት ያህል ልዩነት ማድረግ፣ ራትን ማሳነስ፣ ወፍራም የሆነ ሰው ጥቂት ኪሎ መቀነስ፣ ሲጋራን መተው፣ በግራ ጎን መተኛት ይጠቅማል። የአልጋውን ራስጌ እግሮች በእንጨት ወይም በጡብ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግም ሌሊት የሚመጣውን ቃር ይቀንሳል። ትራስ መደራረብ ግን ሆድን አጥፎ ስለሚጫን ያን ያህል አይረዳም።

በርበሬ ጥፋተኛ ነው?

በአገራችን ያለ ማስረጃ ከተፈረደባቸው ሁሉ በርበሬን የሚያህል የለም። በርበሬ ቀድሞውኑ የተቆጣን የምግብ ቧንቧ ወይም ጨጓራ ሊያስቆጣ፣ ቃር ያለበትንም ሰው ሊያቃጥለው ይችላል። ቁስለትን የሚፈጥር መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። የእንጀራ ኮምጣጤነትም እንዲሁ ነው፤ እንጀራ የቱንም ያህል ቢኮመጥጥ ጨጓራ ራሱ ከሚያመነጨው አሲድ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ በርበሬም ይሁን ቡና፣ ቲማቲምም ይሁን ብርቱካን፣ እርስዎን የሚያስቆጣዎትን በራስዎ ላይ አይተው ይተዉት፤ የማያስቆጣዎትን በሌላ ሰው ምስክርነት አይተዉ። ዓመት ሙሉ አልጫ እየበሉ ሕመማቸው ያልተሻላቸው ሰዎች የሚበዙት ትክክለኛው ተከሳሽ ስላልተያዘ ነው።

ዋናው ተከሳሽ፦ ኤች ፓይሎሪ

ለብዙ ዘመን ሐኪሞች ራሳቸው የጨጓራን ቁስለት በጭንቀትና በምግብ ያመካኙ ነበር። ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በጨጓራ ግድግዳ ላይ የሚኖር ጠምዛዛ ባክቴሪያ ለይተው አወጡ። የሕክምናው ዓለም ባለማመኑ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ያራባውን ባክቴሪያ ራሱ ጠጣ፤ በቀናት ውስጥም ታመመ፤ ጨጓራው መቆጣቱም በምርመራ ታየ። በ2005 እ.ኤ.አ. ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የባክቴሪያው ሙሉ ስም ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ሲሆን እኛ በአጭሩ ኤች ፓይሎሪ እንለዋለን።

በእኛ አገር ይህ ባክቴሪያ እንግዳ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በኢትዮጵያ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያው እንደተገኘባቸው ያሳያል። ቀደም ሲል በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በጨጓራ ሕመም በታከሙ 300 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ በአብዛኞቹ ላይ አግኝቶታል። ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚይዘን በልጅነታችን፣ በቤተሰብ ውስጥ፣ መጨናነቅና የንጹሕ ውሃ እጥረት ባለበት ኑሮ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባክቴሪያው ያለበት ሰው ሁሉ ታማሚ አይደለም። ከ10 ሰዎች ቁስለት የሚደርስባቸው 1 ወይም 2 ቢሆኑ ነው። ቁስለቱ በጨጓራ ላይ ወይም ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት መነሻ ላይ ይወጣል። የአንጀቱ ቁስለት ብዙውን ጊዜ ሆድ ባዶ ሲሆንና ሌሊት ይቆረጥማል፤ ምግብ ሲቀመስ ለጊዜው ይታገሣል። ባክቴሪያው ለረጅም ዓመታት ሲቆይ ለጨጓራ ካንሰርም ያጋልጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል።

ስለ ምርመራውም ማወቅ የሚገባን ነገር አለ። በደም የሚደረገው ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህም ታክሞ ከዳነ በኋላ እንኳ ለረጅም ጊዜ በደም ውስጥ ይቆያል። በሕግ ቋንቋ ብንናገር፣ ሰውዬው አንድ ጊዜ ተከስሶ እንደነበር ያሳያል እንጂ ዛሬ ጥፋተኛ መሆኑን አያረጋግጥም። ታክመው በየዓመቱ ደማቸውን እያስመረመሩ «አሁንም አልለቀቀኝም» የሚሉና ያንኑ መድኃኒት የሚደጋግሙ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ከብዙ ወጪ ይድናሉ። አሁን ያለውን ባክቴሪያ የሚያሳዩት የሰገራና የትንፋሽ ምርመራዎች፣ እንዲሁም በኢንዶስኮፒ የሚወሰድ ናሙና ናቸው። መዳንን ለማረጋገጥ የሚደረገው ምርመራ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያለው መድኃኒት ከቆመ ደግሞ 2 ሳምንት ካለፈ በኋላ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊወጣ ይችላል።

ሕክምናው አሲድ የሚቀንስ መድኃኒትና ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አንቲባዮቲኮችን አጣምሮ፣ አሁን በአብዛኛው ለ14 ቀናት፣ መውሰድ ነው። በአምስተኛው ቀን ሕመሙ ሲሻል ማቋረጥ ባክቴሪያውን መድኃኒቱን እንዲለማመድ ማሠልጠን ነው። አንቲባዮቲክ በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። «ለጎረቤቴ የታዘዘለት ለኔም ይሆነኛል» ብሎ መግዛት ከሕጉም ከጤናውም መጋጨት ነው።

በኪሳችን ያለው ጠላት

ሁለተኛው ትልቅ የቁስለት ምክንያት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲንና አስፕሪን በአንድ ወገን ይመደባሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምንና እብጠትን የሚቀንሱት ሰውነት የሚሠራውን አንድ ንጥረ ነገር በማገድ ነው፤ ያው ንጥረ ነገር ግን የጨጓራን ልባስ ከሚጠብቁት አንዱ ነው። ለወገቡ ወይም ለጉልበቱ በየቀኑ ዳይክሎፌናክ የሚውጥ ሰው ልባሱን በየቀኑ እያሳሳ ነው። ኤች ፓይሎሪ ካለበትማ አደጋው ይደራረባል።

የሚያሳስበው ሕመም ሳይሰማ የሚደርሰው መድማት ነው። መድኃኒቱ ሕመሙን ራሱ ስለሚሸፍን፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች የመጀመሪያ ምልክታቸው ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስመለስ ሊሆን ይችላል። ለወላጆቻችን ከፋርማሲ የምንገዛላቸው ክኒን ምን እንደሆነ ማየት ያለብን ለዚህ ነው። ፓራሲታሞል በተወሰነለት መጠን ሲወሰድ ለጨጓራ የተሻለ ነው። በሌላ በኩል ለልብ ወይም ለደም ሥር ሕመም አስፕሪን የታዘዘለት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ማቆም የለበትም፤ ማቆሙ ራሱ አደጋ አለው።

ጾምና ባዶ ሆድ

በጾም ወራት የጨጓራ ወሬ ይበዛል። ጾም በጤነኛ ሰው ላይ ቁስለት አይፈጥርም። ቁስለት ያለበት ሰው ግን ረጅም ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየት ሕመሙን ሊያስነሣበት ይችላል። ሌላው ችግር አፈታቱ ላይ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ወይም እስከ ማግሪብ የቆየ ሆድ ላይ በአንድ ጊዜ ሽሮውን፣ ሳምቡሳውን፣ በዘይት የተጠበሰውንና ለስላሳውን መጠጥ ማውረድ የቃርን በር መክፈት ነው። በጥቂቱ ጀምሮ፣ ቆይቶ መጨመር ይሻላል። በክርስትናውም በእስልምናውም ሕመምተኛ ከጾም የሚያርፍበት ሥርዓት ስላለ፣ ቁስለት የተረጋገጠበት ሰው ሐኪሙንም የሃይማኖት አባቱንም ቢያማክር ነውር የለበትም።

ጨጓራ ያልሆኑ ጨጓራዎች

አንዳንዱ «ጨጓራ» ሌላ ቦታ ያለ ሕመም ነው። ጃርዲያ ሆድን ይነፋል፣ መጥፎ ሽታ ያለው ግሳት ያመጣል፣ ሰገራን ያቀጥናል፤ ይህ የአሲድ መድኃኒት ሳይሆን የሰገራ ምርመራ የሚፈልግ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ሆዱን ሲያመው ኮሶንም ማሰብ አለበት። ቅባት ከበሉ በኋላ በቀኝ ጎድን ሥር የሚይዝና ወደ ጀርባ ወይም ወደ ቀኝ ትከሻ የሚሄድ ብርቱ ሕመም የሐሞት ከረጢት ጠጠር ሊሆን ይችላል። ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው የሚነፋና የሚጮኽ አዋቂዎችም ብዙ ናቸው፤ ሰውነታቸው የወተቱን ስኳር መፍጨት ስለተወ ነው።

ኢንዶስኮፒ ተደርጎላቸው ምንም ያልተገኘባቸው ሕመምተኞችም በጣም ብዙ ናቸው። ይህ ማለት አስመስለዋል ማለት አይደለም። አንጎልና ሆድ በነርቭ የተሳሰሩ ናቸውና ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣትና ሐዘን የጨጓራን እንቅስቃሴና ስሜት ይለውጣሉ። «ጨጓራዬን አቃጠለው» የሚለው የአማርኛችን አነጋገር ያለ ምክንያት አልመጣም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ልብ ነው። በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው ድንገተኛ የልብ ሕመም አንዳንዴ ከጨጓራ ጋር ይመሳሰላል። ደረትን የሚጫን ወይም የሚያጨናንቅ፣ ወደ መንጋጋ፣ ወደ ትከሻ ወይም ወደ ክንድ የሚሄድ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት፣ ደረጃ ሲወጡ የሚብስ ሕመም «ጨጓራ» ተብሎ በሶዳ የሚታከም አይደለም። በተለይ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ፣ ሲጋራ አጫሽ ወይም ዕድሜው የገፋ ሰው ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

ቤት ውስጥ የምንሞክራቸው

ወተት አሲዱን ለጥቂት ደቂቃ ያቀዘቅዛል፤ ቆይቶ ግን ጨጓራ ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል። አምቦ ውሃ የሚያስገሳው በጋዙ ነው፤ ግሳቱ ቢያቀልም ቃር ያለበትን ሰው አሲዱን ይዞበት ሊወጣ ይችላል። የመጋገሪያ ሶዳ አሲድን ያከሽፋል፤ ነገር ግን ጨው የበዛበት ስለሆነ ለግፊትና ለልብ ሕመምተኛ አይመከርም። የተልባ ውሃ ለብዙዎች ያለሰልሳል፤ የሆድ ድርቀትንም ይረዳል፤ ባክቴሪያ ግን አይገድልም። ደህና ስሜት መስጠትና ማዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከፋርማሲው መድኃኒቶች አንታሲድ የሚባሉት በደቂቃዎች ውስጥ ያስታግሣሉ፤ ሥራቸው አጭር ነው። ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹ ግን የአሲዱን ማመንጫ ራሱን የሚያግዱ ስለሆኑ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ሲወሰዱ እንጂ ሕመሙ ሲነሣ ሲዋጡ ሙሉ ጥቅም አይሰጡም። ለዓመታት ያለ ክትትል መውሰድ የቫይታሚን ቢ12ና የማግኒዥየም እጥረት ሊያስከትል ይችላል፤ በድንገት ሲቆሙም አሲዱ ለጊዜው በርትቶ ይመለሳልና ቀስ በቀስ መቀነስ ይመከራል። ብዙዎች የለመዱት ራኒቲዲን ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ንጥረ ነገር ስለተገኘበት በ2020 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ገበያ እንዲወጣ ተደርጓል፤ ቤት ውስጥ የቆየ ካለዎት ፋርማሲስትዎን ይጠይቁ።

ቀጠሮ የማይሰጣቸው ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ክኒን መለዋወጥ ትቶ ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው፦ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ማስመለስ፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፤ ምግብ ሲውጡ መያዝ ወይም ማመም፤ ሳያስቡት ኪሎ መቀነስ፤ የደም ማነስ፤ የማያቋርጥ ማስመለስ፤ በቤተሰብ ውስጥ የጨጓራ ካንሰር መኖር፤ ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ ሕመም። ድንገት እንደ ጩቤ ወግቶ ሆድን እንደ እንጨት የሚያደርቅ ሕመም ደግሞ ቁስለቱ ጨጓራውን በስቶ ሊሆን ስለሚችል የሰዓታት ጉዳይ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው። በኛ ከተማ በሽታው የሚደበቀው በዝምታ ሳይሆን «ጨጓራ ነው» በሚል የተለመደ መልስ ነው። ስለዚህ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ፍርዱን ሳይሆን ማስረጃውን ይዘው ይቅረቡ። ሕመሙ የቱ ጋ ነው? ሲርብዎት ነው ወይስ ሲጠግቡ? ሌሊት ያስነሣዎታል? ሲተኙ ወይም ሲያጎነብሱ ይብሳል? ስንት ጊዜ ሆነው? ራት በስንት ሰዓት ይበላሉ? ከሁሉ በላይ ግን፣ ባለፈው ወር የዋጡትን ክኒን ሁሉ፣ ለራስ ምታትም ይሁን ለወገብ፣ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዘው ይሂዱ።